ከመቃ ብርዕ እስከ ኮምፒዩተር

አባቶቻችን ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው፥ መቃ ቀርጸው በሚጽፉበት ዘመን የገጹን ሥርዐት የሚወስነው ጸሐፊው ራሱ ነበረ፤ መሥመሩን በወስፌ ያሰምራል፥ ዐምዱን ይከፍላል፥ ቅዱሳት ስሞችንም በቀይ ቀለም ይለያል።

በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በአገራችንም በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ።

በ1985 እ.ኤ.አ. ፔጅ ሜከር የተባለው የገጽ ማሰናጃ ፕሮግራም በወጣ ጊዜ፥ የእርሳስ ፊደል ለቃሚው ሥራ ወደ ኮምፒዩተር መስኮት መሻገር ጀመረ። ነገር ግን የግእዝ ፊደል ሠሪዎች ሁሉ ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቍጥር ሰጥተው ነበርና፥ በአንዱ የተጻፈው ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ይሆን ነበር። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ለፊደላችን የታወቀ ስፍራ ከሰጠው በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ መኪናው ፊደልን ያሰልፋል እንጂ ምስጢርን አያውቅም። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፥ «መሀረ» አስተማረ ማለት ነው። ጣት አንድ ጊዜ ቢስት፥ የፀሓይ መውጣት ስርቆት፥ ምሕረትም ትምህርት ይሆናል። ብራናን የሚያበላሽ ስሕተት በአንድ መጽሐፍ ይቀራል፤ የመኪና ስሕተት ግን በሺህ ይባዛል። ስለዚህ ገዳማት ኮምፒዩተር በሚገዙበት ቀን፥ ቅኔ ያወቀ አራሚም በአጠገቡ ሊያስቀምጡ ይገባል።