የዩሊሲስ ግራንት «የግል ማስታወሻ»
«የግል ማስታወሻ» በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865 እ.ኤ.አ.) የሰሜኑን ጦር ለድል ያበቁት ጄኔራልና በኋላም 18ኛው ፕሬዚዳንት የሆኑት ዩሊሲስ ግራንት የጻፉት ባለ ሁለት ቅጽ ግለ ታሪክ ነው። ግራንት በ1884 ገንዘባቸውን ያኖሩበት የዎል ስትሪት ድርጅት ከስሮ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ በዚያው ዓመት የጉሮሮ ካንሰር ታወቀባቸው። ለቤተሰባቸው መተዳደሪያ እንዲሆን የጀመሩትን ሥራ የጨረሱት ጁላይ 23 ቀን 1885 ከመሞታቸው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። የደራሲው የማርክ ትዌይን ማተሚያ ድርጅት መጽሐፉን ቤት ለቤት በሚዞሩ ወኪሎች ሸጦ ለባለቤታቸው ለጁሊያ ወደ 450,000 ዶላር አስገኘ።

ትረካው ከልጅነት ተነሥቶ፣ ግራንት ፍትሕ የጎደለው ያሉትን የሜክሲኮ ጦርነት (1846–1848) አልፎ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የሻይሎ፣ የቪክስበርግና የቻተኑጋ ውጊያዎች ላይ ይሰፋል፤ የደቡቡ ጦር መሪ ጄኔራል ሮበርት ሊ በአፖማቶክስ እጃቸውን የሰጡበትንም ቀን ይዘግባል። የፕሬዚዳንት ሊንከንን፣ የጄኔራል ሸርማንንና የጦር ሚኒስትሩን የስታንተንን ጠባይ በጥቂት ቃላት ይሥላል። ስለ ፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ከሞላ ጎደል ዝም ይላል። ቁጥብና ግልጽ አጻጻፉ ከወታደራዊ ግለ ታሪኮች የላቀውን ስፍራ አሰጥቶታል። በሻይሎ ውጊያ የመጀመሪያ ቀን በጦራቸው ላይ ስለደረሰው ድንገተኛ ጥቃት የሚለው ግን ራስን መከላከል ስለሚበዛበት ከሌሎች ምንጮች ጋር ተነጻጽሮ ይነበባል።