ከጦርነት በኋላ ምን ይቅደም?



የስግድ በዓል መሠረት የሆኑት የዕዝራና የነህምያ መጻሕፍት፣ ጦርነት ያፈረሰው አገር እንዴት እንደገና እንደ ተሠራ ይተርካሉ። ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በ586 ዓመት ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን አቃጠሉ፤ በ538 ቂሮስ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ ፈቀደ። ተመላሾቹ አስቀድመው ያቆሙት ቤተ መቅደሱን ሳይሆን መሠዊያውን ነው። ለመሠዊያ ጥቂት ድንጋይ ይበቃል፤ ሕዝብን ግን ይሰበስባል። የቤተ መቅደሱ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ተቋርጦ እስከ 520 ቆየ። ያን ጊዜ ነቢዩ ሐጌ ሕዝቡን ገሠጸ።

ይህን ተግሣጽ ይዞ ቅርስ ከሁሉ ይቀድማል የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ አናነበውም። ነቢዩ የነቀፈው የገዛ ቤቱን በእንጨት ያስጌጠውን እንጂ የውኃ ጕድጓድ የቆፈረውን አይደለም። ነህምያም በ445 ቅጥሩን ሲያሠራ፣ ድሆች ስለ እህል እርሻቸውን በመያዣ መስጠታቸውን እየጮኹ ነገሩት፤ ተቈጣ፤ አበዳሪዎቹንም እርሻውን አስመለሳቸው። ቅጥሩ በ52 ቀን ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ዕዝራ ኦሪትን ለሕዝቡ ያነበበው በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ነበር።

ይኸው ጥያቄ በተወለድንበት አገር በላሊበላ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ወደ ስፍራው ሄደው ለአብያተ ክርስቲያናቱ ጥገና እርዳታ ቃል ገቡ። በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ከተማይቱ ደረሰ። ከዐለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ቆመው ቀሩ፤ ከተማው ግን ከአንድ ዓመት በላይ መብራት አጣ። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ይቆማል፣ የውኃ መሳቢያም ይቆማል፤ እንግዳም አይመጣም። ኅዳር 2 ቀን 2022 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ መብራቱ ተመለሰ። ከዐለቱ ጥገና በፊት መብራቱ መመለሱ ተገቢ ነበር እንላለን፤ ዐለቱን ዕለት ዕለት የሚጠብቀው እዚያ የሚኖር ሰው ነውና። የእምነታችን ስፍራ ባይሆንም የአገሩ ልጆች ነንና ይመለከተናል።

ይሁን እንጂ ዝናብ የሰውን ችግር አይቶ ዐለት መሸርሸሩን አይተውም። የተሰነጠቀውን መድፈን፣ የጎርፉን መውረጃ መጥረግ፣ ይህ እንደ መሠዊያው ትንሽ ሥራ ነውና ከውኃው ቧንቧ ጎን ለጎን ይሠራ። ሰፊው እድሳት በዘመኑ ይደርሳል። ቄሶቻችንም ከጎንደር ሲወጡ ኦሪቱን ተሸከሙ፤ ጸሎት ቤቱን እዚያው ተዉት።