ሞተሩ አልነሳ ሲል፦ ከካንዴላው ጀርባ ያለ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የማሽላ እሸት በሚበላበት ሰሞን፣ ዘመድ ልጠይቅ ቆቦ ወርጄ ነበር። የአጎቴ ልጅ በሬ ሸጦ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ደሴ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ለወራት ቆሞ የከረመ፣ 100 ሲሲ የሆነች ሞተር ናት። ሻጩ ብዙ ታግሎ አስነስቶ አሳየው። አይሱዙ ላይ ተጭና ቆቦ ስትደርስ ግን በጭራሽ አልነሳም አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ ፔዳሉን ረገጠ። ጎረቤት ሁሉ መካኒክ ሆነ። አንዱ «ካንዴላው ነው» ይላል፣ ሌላው «ፒስተኑ አልቋል»፣ ሦስተኛው «ካርቡራተሩን በአዲስ ቀይረው»። ልጁ በሞተሯ ሽንኩርት ወደ ገበያ ሊያመላልስባት አስቦ ነበር፤ አሁን ግን የቀረችውን ገንዘብ ካርቡራተር ሊገዛባት ተነሳ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ? ምን ትላለህ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ቤተ ሙከራ ውስጥ እንጂ መንገድ ዳር ሞተር ፈትቼ አላውቅም። ያወቅኩት አንድ ነገር ነበር፦ የቤንዚን ሞተር እንዲነሳ ሦስት ነገር ብቻ ይፈልጋል። በትክክል የተቀላቀለ ቤንዚንና አየር፣ ያንን ድብልቅ የሚያምቅ ሲሊንደር፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ። ሦስቱም ካሉ ሞተር ይነሳል። ካልተነሳ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት የጎደለው የትኛው እንደሆነ እንጠይቅ ተባባልን።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሞተር ሳይክልን ያህል ዕድሜ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎችም የታገሉት ከነዚሁ ጋር ነበር።

ከእሳቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመን ውስጥ ጎትሊብ ዳይምለርና ዊልሄልም ማይባህ በአንድ የእንጨት ብስክሌት ላይ የቤንዚን ሞተር ገጠሙ። ብዙዎች የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል የሚሉት ይህንን ነው። ያን ጊዜ ካንዴላ አልነበረውም። ከሲሊንደሩ የወጣች ትንሽ ቱቦ በውጭ በሚነድ ነበልባል እየጋለች ድብልቁን ታቀጣጥለው ነበር። ቱቦዋ የምትግለው ከነጂው መቀመጫ በታች ስለነበር በመጀመሪያው ጉዞ መቀመጫው በእሳት ተያያዘ ይባላል። ቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለው፦ እሳቱ ሁልጊዜ ስለሚነድ የሚቀጣጠልበትን ሰዓት መቆጣጠር ከባድ ነበር።

መፍትሔው ከማግኔት መጣ። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የሮበርት ቦሽ አውደ ጥናት በ1897 በዚህ መርህ የሚሠራ ማግኔቶ በአንድ ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ ገጠመ። በ1902 ደግሞ መሐንዲሱ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚያወጣ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ አቀረበ። ዛሬም ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ባትሪያቸው ቢሞት እንኳ በእግር የሚነሱት በዚሁ መርህ ነው፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ማግኔቱን እያዞራችሁ ነው። ካንዴላው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ግፊት ከ10 ሺህ ቮልት ይበልጣል።

እሺ፣ ወደ ቆቦ እንመለስ። ካንዴላውን ፈታነው። ደረቅ ነበር። ይህ ትልቅ ምስክር ነው፦ ካንዴላ በቤንዚን ርሶ ከወጣ ቤንዚኑ ደርሷል፣ ችግሩ ምናልባት እሳቱ ጋ ነው። ያን ያህል ተረግጦ ደረቅ ከወጣ ግን ቤንዚኑ ጭራሽ አልደረሰም። ያም ሆኖ እሳቱንም አየን። ካንዴላውን ከገመዱ ጋር አያይዘን፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነክተን፣ ከቤንዚንና ከካንዴላው ቀዳዳ አርቀን ፔዳሉን ረገጥን። ሰማያዊ ብልጭታ «ጠ» አለች። እሳት አለ። ቀጥሎ የካንዴላውን ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍነን ረገጥን፤ አየሩ ጣታችንን ገፍቶ ወጣ። መታመቅም አለ። ፒስተኑ አልቋል ያለው ጎረቤት ዝም አለ።

እዚህ ላይ አንድ አረጋዊ መካኒክ መጡ። «ጋሼ፣ ካርቡራተር ልቀይር?» አላቸው ልጁ። «መጀመሪያ ካቻቢቴ አምጣ» አሉት።

ይህን ቃል ልብ በሉት። ካቻቢቴ ጣሊያንኛ ነው፤ «ካቻቪቴ» ብሎን የሚያወጣ መሣሪያ ማለት ነው። ካንዴላም ጣሊያንኛ ነው፤ ትርጉሙ ሻማ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ፒንሳ፣ ፊልትሮም እንደዚያው። ፍሪሲዮን ደግሞ በጣሊያንኛ ሰበቃ ማለት ነው፤ ሥራውም በእርግጥ ሰበቃ ነው።

ቃላቱ እዚህ እንዴት ደረሱ? መኪና ወደ አገራችን የገባው ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ለራያ ሰው ግን ሞተር በብዛት የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ሆነ። ያፈገፈገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከአውሮፕላን ቦምብና መርዝ ወረደበት። ሚያዝያ 7 ቀን የጣሊያን ጦር ደሴን ያዘ፤ ከዚያ ተነስቶ በሞተር የሚጓዘው ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ከአስመራ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልድያ አድርጎ ደሴ የሚገባውን መንገድ ሠሩ። መኪና ያለ ጋራዥ አይኖርም፤ ጋራዥም ያለ ረዳት። ረዳቱ ዕቃውን በሰማው ስም ጠራው። ጣሊያን ተሸንፎ ወጣ፣ ቃሉ ቀረ። ኤርትራም ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣሊያን ስር ስለነበረች ቃላቱ በዚያም በኩል ገብተዋል። በመርዝ ጋዝ የመጣ ጦር ትቶት የሄደውን ቃል ዛሬ የራያ ወጣት እንጀራ ያበስልበታል። ስሙ ከወራሪ ቢመጣም ሙያውን ያቆዩት እንደኚህ አረጋዊ ያሉ ሰዎች ናቸው።

አረጋዊው የቤንዚኑን ጎማ ከካርቡራተሩ ነቀሉ፤ ቤንዚን ኮለል ብሎ ወረደ። ታንከሩ ደህና ነው። ስለዚህ ችግሩ ከጎማው በኋላ፣ ከሲሊንደሩ በፊት ነው። በመካከል ያለው ካርቡራተር ብቻ ነው! የታችኛውን ብሎን ሲፈቱት ዝገት የመሰለ ውሃና ደቃቅ ቆሻሻ ወጣ።

ማይባህ እ.ኤ.አ. በ1893 ካርቡራተርን ሲያሻሽል ያመጣው ሐሳብ ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ ወደሚሮጠው አየር መርጨት ነበር። በደንብ ለመቃጠል 1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ይህን ልክ የሚጠብቀው ቀዳዳው ነው። በትንሽ ሞተር ላይ ለማስነሻ የሚያገለግለው ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሞተሯ ለወራት ስትቆም ታንከሯ ውስጥ ዝገት ተጠራቀመ፤ አይሱዙው ላይ ስትንገጫገጭ ተበጠበጠና ቀዳዳውን ደፈነው። አረጋዊው ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አንስተው አዩ፤ ብርሃን አያሳልፍም። በቤንዚን አጠቡት፣ በጎማ መንፊያ ነፉት። «ሽቦ እንዳታስገባበት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ልኩ ይበላሻል» አሉ።

በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። ግን ነዳጅ ሲለቁላት ትጠፋለች። ይህኛውን እኔ ገመትኩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ቆቦ ወደ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ቆላው ላይ አየሩ በ10 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። አረጋዊው ሳቁ፤ «የኮረም ሞተር እዚህ ሲወርድ እንዲህ እንደሚል ድሮም እናውቃለን» ብለው የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን በትንሹ አዞሩ። ሞተሯ ጸጥ ብላ ሠራች።

ልጁ ካርቡራተር አልገዛም። ታንከሩን አጥቦ፣ አንዲት ፊልትሮ ገዝቶ አስገባ። የተረፈው ገንዘብ ለሽንኩርቱ ከረጢት ሆነ።

እናንተም ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ከቆመ በኋላ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሳ እዩ። ካልተነሳም ከመግዛታችሁ በፊት በተራ ጠይቁት፦ ቤንዚን ደርሷል? እሳት አለ? ይታመቃል? ካንዴላው መልሱን ይነግራችኋል።