የጠፋ የሚመስል አምፕሊፋየር፦ የድምፅ መሣሪያዎች በተጠባባቂነት የሚወስዱት ኤሌክትሪክ

በሪሞት ኮንትሮል የተዘጋ አምፕሊፋየር ድምፁ ቢቋረጥም ከኤሌክትሪክ መስመር አልተለየም። በፊቱ ላይ የምትታየው ትንሽ ቀይ መብራት መሣሪያው ቀጣዩን ትእዛዝ እየጠበቀ መሆኑን ታመለክታለች። በዚህ ጊዜ የሚወስደው ኃይል እንደ መሣሪያው ዓይነትና እንደ አጠቃቀሙ በእጅጉ ይለያያል። በአንድ ቤት በዓመት ከአንድ ድርሃም ብዙም የማይበልጠው ወጪ በሌላው ቤት ወደ ሰማንያ ድርሃም ሊደርስ ይችላል። በተለይ በጋራ እየኖሩ የመብራት ሂሳብ ለሚካፈሉ ነዋሪዎች የልዩነቱን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል።

ሦስቱ ሁኔታዎች

የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ የተዘጋበት ሁኔታ ነው። አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ሲነቀል ወይም የግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ ሲዘጋ ፍጆታው ዜሮ ይሆናል።

ሁለተኛው ተጠባባቂ ሁኔታ ወይም ስታንድባይ ነው። ዋናው ክፍል ተቋርጦ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ትንሽ ክፍል ብቻ ይሠራል።

ሦስተኛው መሣሪያው በርቶ ሙዚቃ ሳይኖር የሚቆይበት ሁኔታ ነው። ብዙዎች ከተጠባባቂ ሁኔታ ጋር ያምታቱታል፤ ይሁንና ከፍተኛው ብክነት የሚደርሰው በዚህ ሁኔታ ነው።

ኃይሉ የሚባክንበት ምክንያት

ክላስ ኤቢ በመባል የሚታወቀው የተለመደ አምፕሊፋየር ድምፅ ባይኖርም በትራንዚስተሮቹ ውስጥ የማያቋርጥ ጅረት ያሳልፋል። ጅረቱ የድምፁን ጥራት ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው፤ ኃይሉ ግን ወደ ሙቀት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት በርቶ ሥራ የፈታ አምፕሊፋየር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 60 ዋት ይወስዳል። ክላስ ኤ የሚባሉት ደግሞ ድምፅ ኖረም አልኖረም ፍጆታቸው ከፍተኛ ነው። ክላስ ዲ የሚባሉት አዳዲስ መሣሪያዎች በአንጻሩ ያለ ሥራ ሲቆዩ የሚወስዱት ብዙ ጊዜ ጥቂት ዋት ብቻ ነው።

በተጠባባቂ ሁኔታም ልዩነት አለ። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ከባዱ ትራንስፎርመር ከመስመሩ ጋር እንደተያያዘ ስለሚቆይ በእምብርቱ ውስጥ ዘወትር ኃይል ይባክናል። በአዲሶቹ ዋናው ትራንስፎርመር ሲቋረጥ አንድ አነስተኛ የኃይል ምንጭ ብቻ ይቀራል። ሆኖም መሣሪያው በዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ እንዲነቃ ከተደረገ ፍጆታው ይጨምራል። የዲሽ ሪሲቨሩ ምስል በኤችዲኤምአይ ገመድ በተዘጋው አምፕሊፋየር አልፎ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲደርስ ሲደረግም እንዲሁ ነው።

የዓለም አቀፍ ገደቦች አመጣጥ

ችግሩን ለዓለም ካስተዋወቁት መካከል በአሜሪካ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪ አለን ማየር ይገኙበታል። የማንኛውም መሣሪያ የተጠባባቂነት ፍጆታ ከ1 ዋት እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ1998 ሐሳብ አቀረቡ፤ በቀጣዩ ዓመት ዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ሐሳቡን ተቀበለው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ ከ2010 ጀምሮ 1 ዋት፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ 0.5 ዋት ገደብ አስቀመጠ። በዚያ ደንብ ሰዓት ወይም ሌላ መረጃ የሚያሳይ ገጽታ ላላቸው መሣሪያዎች የተፈቀደው የዚህ እጥፍ ነበር። ከኔትወርክ ጋር ተያይዘው የሚጠባበቁ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ገደብም ደረጃ በደረጃ ቀንሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 2 ዋት ወርዷል። ስለዚህ ያገለገለ አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው መሣሪያው የተመረተበትን ዘመን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወጪው ሲሰላ

አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። በመሆኑም ሳይቋረጥ የሚወሰድ እያንዳንዱ 1 ዋት በዓመት 8.76 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዱባይ ለውጭ አገር ዜጎች መኖሪያ ቤቶች የመጀመሪያው የታሪፍ እርከን፣ ማለትም በወር እስከ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ላለው ፍጆታ፣ በኪሎዋት ሰዓት 23 ፊልስ ነው። የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ ሳይታከሉ የዓመቱ ስሌት የሚከተለው ነው፦

• በ0.5 ዋት የሚጠባበቅ፦ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ 1 ድርሃም ገደማ
• በ2 ዋት የሚጠባበቅ፦ 17.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ 4 ድርሃም ገደማ
• በ10 ዋት የሚጠባበቅ፦ 87.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ 20 ድርሃም ገደማ
• ቀንና ሌሊት በርቶ 40 ዋት የሚወስድ፦ 350.4 ኪሎዋት ሰዓት፣ ከ80 ድርሃም በላይ

በሞቃት አገር ተጨማሪ ወጪም አለ። አምፕሊፋየሩ የወሰደው ኃይል ሙቀት ሆኖ በክፍሉ ውስጥ ስለሚቀር አየር ማቀዝቀዣው ያንን ሙቀት ማስወጣት ይኖርበታል። ለ40 ዋት ሙቀት ማቀዝቀዣው በሚሠራበት ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዋት ገደማ ተጨማሪ ይወስዳል።

ከስሌቱ እንደሚታየው፣ የዘመናዊ መሣሪያ ቀይ መብራት የከፍተኛ ሂሳብ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ጥንቃቄ የሚያሻው በርቶ ለተተወውና ለአሮጌው መሣሪያ ነው።

በቤት ውስጥ እንዴት ይለካል?

በሶኬቱና በመሣሪያው ገመድ መካከል የሚሰካ የዋት መለኪያ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ይገኛል። ርካሽ መለኪያዎች ከጥቂት ዋት በታች ያለውን ፍጆታ በትክክል ላያሳዩ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ያለው ንባብ እንደ ግምት ብቻ መወሰድ አለበት። መለኪያ በሌለበት ሙቀት አመላካች ነው፤ ከተዘጋ ብዙ ሰዓት ያለፈው አምፕሊፋየር ክዳኑ ለብ ካለ ኃይል እየወሰደ ነው።

ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

• በሴቲንጉ ውስጥ ያለ ሥራ ሲቆይ ራሱን እንዲዘጋ የሚያደርገውን አማራጭ ማብራት።
• የማይፈለግ ከሆነ በኔትወርክ የመንቃትንና በኤችዲኤምአይ ምስል የማሳለፍን አገልግሎት ማጥፋት።
• ሰብዉፈሩ የራሱ አምፕሊፋየር ካለው እርሱንም ለብቻው መመልከት።
• ለእረፍት ወደ አገር ቤት ሲኬድ መሣሪያውን በቅድሚያ በራሱ ማጥፊያ፣ ቀጥሎም በግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ መዝጋት።
• ሶፍትዌሩን በማደስ ላይ ያለን መሣሪያ አለማቋረጥ። በአሠሪ ቤት የሚሠሩ ሠራተኞች የድምፅ መሣሪያ ከመንቀላቸው በፊት ባለቤቱን ቢጠይቁ ይመረጣል።
• በአየር መውጫዎቹ ላይ ዳንቴልም ሆነ ሌላ ጨርቅ አለማልበስ። ሙቀቱ ታፍኖ መሣሪያውን ሊጎዳ፣ አልፎም ለእሳት አደጋ ሊዳርግ ይችላል።
• ክዳኑን አለመክፈት። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ጥገናው ለባለሙያ የሚተው ነው።