ሜስክሊን፦ አንድ መምህር በስላይድ ሩል የሠራት ዓለም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ልብ ወለድ እየጻፈ ነው። ነገሥታት አሉበት፣ አስማት አለበት፣ የሚበር ዘንዶም አለበት። በኢንቦክስ የጠየቀኝ ግን ስለ ዘንዶው አይደለም። «ቲቸር፣ የዓለሜን ፀሐይ ትልቅ ሰማያዊ ኮከብ ባደርጋት፣ የዓለሜ አንድ ዓመት ደግሞ የኛን 8 ዓመት ቢያህል፣ ሳይንሱ እሺ ይለኛል?» ነው ያለኝ። ዘንዶውን ያለ ማስረጃ አሳልፎ ኮከቡን ማስመርመሩ ደስ አሰኝቶኛል። መልሱን ወደ በኋላ እሰጣለሁ። መጀመሪያ ይሄንኑ ጥያቄ እስከ መጨረሻው የተከተለ አንድ የሃይስኩል መምህር ላስተዋውቃችሁ።

ስሙ ሃሪ ስታብስ ነው። ሃርቫርድ አስትሮኖሚ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1943 ተመረቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አበረረ። ከጦርነቱ በኋላ ጠመኔ ያዘና ማሳቹሴትስ በሚገኘው ሚልተን አካዳሚ ለብዙ ዓመታት ሳይንስ አስተማረ። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ሃል ክሌመንት በሚል የብዕር ስም ልብ ወለድ ይጽፍ ነበር። «ሚሽን ኦፍ ግራቪቲ» የተባለው ሥራው፣ የስበት ተልእኮ እንደ ማለት ነው፣ በ1953 (በኛ 1945 መሆኑ ነው) «አስታውንዲንግ» በሚባል መጽሔት ላይ ለአራት ወር በተከታታይ ወጣ። ታሪኩ ገና ሳያልቅ እዚያው መጽሔት ላይ ፕላኔቷን እንዴት እንደሠራት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጨመረበት። እንግዲህ ስሌቱን ለአንባቢ አሳይቶ «ስህተት ካለ አውጡ» እንደ ማለት ነው። ለሱ ይሄ ጨዋታ ነበር፤ ጸሐፊው ስህተት ላለመሥራት ይጥራል፣ አንባቢው ስህተት ያድናል።

ኮከቡን ከባዶ አልፈጠረውም። 61 ሲግኒ የሚባል እውነተኛ ኮከብ ወሰደ። ይሄ ኮከብ በራሱ ታሪክ አለው። በ1838 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል ርቀቱን ለክቶ ሲያሳትም፣ ከፀሐያችን ውጪ ርቀቱ በአስተማማኝ መንገድ የታወቀ የመጀመሪያው ኮከብ ሆነ፤ 11 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በዓይን አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ ከፀሐያችን ያነሱ ሁለት ብርቱካናማ ኮከቦች እርስ በርሳቸው እየተዟዟሩ አንዱን ዙር ወደ 700 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ይጨርሳሉ። በ1943 ካይ ስትራንድ የተባለ ዴንማርክ ተወላጅ አስትሮኖመር የቆዩ ፎቶግራፎችን መርምሮ፣ እንቅስቃሴያቸው ትንሽ እንደሚያወላውል ጻፈ። እንደ ስሌቱ፣ የጁፒተርን 16 እጥፍ የሚመዝን የማይታይ አካል እየጎተታቸው ነው።

ክሌመንት «እሺ፣ እዚያ ላይ ሰው ቢያርፍስ?» ብሎ ተነሳ።

16 ጁፒተር ማለት 5,000 መሬት ማለት ነው። ሰው እዚያ ቢቆም በራሱ ክብደት ይጨፈለቃል። ታዲያ ምን ይሻላል? ሚኒባስ ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ በሩ የሚገፋችሁን ነገር አስታውሱ። ክሌመንት ፕላኔቷን እንደ እንዝርት አሾራት። ሜስክሊን ብሎ ሰየማት፤ የሜስክሊን አንድ ቀን 18 ደቂቃ አይሞላም። ስትሾር ወገቧ ተለጥጦ፣ ዋልታዎቿ ተጠፍጥፈው ድፎ ዳቦ መሰለች፦ በወገቧ በኩል 77,000 ኪሎ ሜትር፣ ከዋልታ ዋልታ 32,000 ገደማ።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ፤ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ይበቃል። የጁፒተርን ክብደት 16 እጥፍ አድርጋችሁ፣ በዚያ የወገብ ርቀት ላይ ያለውን ስበት በኒውተን ሕግ አስሉ፤ የመሬትን 140 እጥፍ አካባቢ ታገኛላችሁ። ከዚያ በ18 ደቂቃ የመሾሩን ግፊት አስሉ፤ እሱም እዚያው ቅርብ ይመጣል። ሁለቱ ተቀናንሰው ክሌመንት ወገቧ ላይ ያስቀረው 3 እጥፍ ብቻ ነው። ዋልታው ላይ ግን መሾሩ ምንም አይቀንስም፤ እዚያ 700 እጥፍ አለ። 60 ኪሎ የሆነ ተማሪ ወገቧ ላይ 180 ኪሎ ይሆናል፣ ዋልታዋ ላይ 42 ቶን። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው ድርሰቱን የወለዱት።

ምክንያቱም ቀሪው ታሪክ ሁሉ ከነሱ ነው የተቀዳው። ባሕሩ ሜቴን፣ አየሩ ሃይድሮጅን ነው። ነዋሪዎቹ ብዙ እግር ያላቸው፣ ክንድ እንኳ የማይሞላ ርዝመት ያላቸው፣ መሬት ለመሬት የሚሄዱ ፍጥረቶች ናቸው። ዋልታ አካባቢ የሚኖር ፍጥረት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢወድቅ ይሞታል። ስለዚህ ከፍታ ያስደነግጣቸዋል፤ ከማንኛውም ነገር በታች መሆን ያስፈራቸዋል፤ መወርወር የሚባል ነገር አያውቁም። ባርሌናን የሚባለው ነጋዴ የመርከብ ካፒቴን ወደ ወገቧ መጥቶ መዝለልንና መወርወርን ሲለማመድ የሚያልፍበት ድንጋጤ፣ ለኔ ከማንኛውም የጦርነት ትዕይንት ይበልጣል። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ፎርሙላው ፍርሃት ሆኖ ነው የሚገባችሁ።

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። ትልልቅ ሰማያዊ ኮከቦች ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን፣ ቢበዛ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ይጨርሳሉ። የኛ መሬት ዕድሜዋ 4.5 ቢሊዮን ነው። ንጉሥህ ገና ሳይፀነስ ፀሐይህ ትፈነዳለች! ዓመቱስ? በኬፕለር ሕግ እንደኛዋ ባለች ፀሐይ ዙሪያ 8 ዓመት የሚፈጅ ዙር ርቀቱ 4 እጥፍ ነው፤ ብርሃኑ ደግሞ በ16 ይካፈላል። ሁሉ ነገር በረዶ ይሆናል። ደመቅ ያለ ኮከብ ብትመርጥ፣ ማለትም ከፀሐይ 2 እጥፍ ገደማ የሚከብድ ነጭ፣ ሙቀቱ ይስተካከላል፤ ዕድሜው ግን 1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። መሬት በዚያ ዕድሜዋ ከጥቃቅን ሕዋሳት በቀር ምንም አልነበራትም። እንግዲህ ምረጥ፦ ወይ ዓመቱን አሳጥር፣ ወይ ሕዝቡን ከሌላ ቦታ አምጣው። ሁለተኛው የተሻለ ታሪክ ይወጣዋል ባይ ነኝ።

በነገራችን ላይ ጨዋታው በክሌመንት ላይም ሠርቷል። የኤምአይቲ የሳይንስ ልብ ወለድ ማኅበር ተማሪዎች ስሌቱን እንደገና ሠርተው ቅርጹ ልክ እንዳልሆነ ደረሱበት፤ ወገቧ እንደ ጠርዝ የሾለ መሆን ነበረበት። የዋልታው ስበትም ከ700 በጣም ያንሳል። ክሌመንት አልተቀየመም፤ እንዲያውም ራሱ ነው ለአንባቢ የነገረው። ከዚህ የከፋው ደግሞ የስትራንድ የማይታይ አካል ነው። ከዚያ በኋላ በተደረጉ የረቀቁ ልኬቶች አልተገኘም። የዛሬ አስትሮኖመሮች 16 ጁፒተር የሚመዝን ነገር ቢያገኙም ፕላኔት ከማለት ይልቅ ቡናማ ድንክ ኮከብ ነው የሚሉት፤ ስፋቱም ከጁፒተር ብዙ አይርቅም። ሜስክሊን ግን አሁንም ትነበባለች።

መጽሐፉን ላላነበባችሁ መጨረሻውን ላበላሽባችሁ ነው፣ ይቅርታ። ሰዎቹ ባርሌናንን የቀጠሩት ዋልታው ላይ ተበላሽቶ የቀረ መሣሪያቸውን እንዲያገኝላቸው ነው። እሱም ቦታው ሲደርስ ዋጋ ጨመረ። የጠየቀው ግን መሣሪያ ወይም ሸቀጥ አይደለም፦ ሳይንስ ከመጀመሪያው፣ ከሥሩ ጀምሮ እንዲያስተምሩት ነው። አስተማሩትም። ከፍታ ይፈራ የነበረው ካፒቴን በመጨረሻ መርከቡን በሞቀ አየር ባሉን አንሳፈፋት።

ኮከቡን ራሱን ማየት የምትፈልጉ፣ ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ቀና በሉ። ሲግነስ ትልቅ መስቀል ይመስላል፤ 61 ሲግኒ ያለው ከዚያ መስቀል አጠገብ ነው። በጣም ደብዛዛ ስለሆነ ከከተማ መብራት ራቅ በሉ፤ ባይኖክላር ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሁለቱን ለየብቻ ያያቸዋል።