በኪሎ የሸጥነው ታሪክ፦ የትልልቅ ራዲዮ ቫልቮች ጉዳይ

ከዓመታት በፊት አንድ ቆራሌው ምናለሽ ተራ ድረስ ጆንያ ሙሉ «ትልልቅ አምፖል» ይዞልኝ መጣ። የብርጭቆዎቹን አይረቡም ብዬ ጣልኳቸው። ነጭ ሸክላ መሳይ ወገብና የመዳብ ክንፍ ያላቸውን ደግሞ በመዶሻ ሰብሬ መዳቡን በኪሎ ሸጥኩ። ኋላ ራዲዮ የሚጠግን ወዳጄ የተረፈችኝን አንዲት ፍሬ ሲያይ ራሱን ያዘ። ለካስ የሰበርኩት የራዲዮ ማስተላለፊያ ቫልቭ ኖሯል። ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን ጤናዬንም ለአደጋ እንደሰጠሁ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእኔ ስህተት በእናንተ እንዳይደገም ያወቅኩትን ልንገራችሁ።

እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ አካባቢያችን በተለያዩ በሮች ገብቷል። የመጀመሪያው አስመራ ነው። ጣሊያኖች እዚያ «ራዲዮ ማሪና» የሚባል የባሕር ኃይል ራዲዮ ጣቢያ ነበራቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ኤርትራን ያዙ፤ በ1943 ደግሞ አሜሪካኖች ጣቢያውን ተረከቡ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ለራዲዮ ሥራ የተመቸ ነበር። ጣቢያው በኋላ ኮርያ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስም ተጠራ፤ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስም ቆየ። በዚያ የነበሩ አሜሪካኖች በትርፍ ጊዜያቸው ኢቲ2ዩኤስ በሚል መጥሪያ ከዓለም አማተሮች ጋር ያወሩ ነበር።

ሁለተኛው በር አዲስ አበባ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ባለ100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማስተላለፊያዎች ነበሩት። ደርግ በ1977 እ.ኤ.አ. ወረሰው። በዚያው ዓመት አሜሪካኖች ከቃኘው ወጡ፤ የሶቪየት መሣሪያም በብዛት መግባት ጀመረ። ሦስተኛው በር ይኸው ነው። አንድ ቫልቭ ከየትኛው ጣቢያ እንደወጣ ማረጋገጥ ያስቸግራል። የትኛው አገር እንደሠራው ግን ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ጽሑፉን አንብቡ። በላቲን ፊደል «ጃን» የሚል ካለ ለአሜሪካ ጦር የተሠራ ነው። «ሲቪ» ብሎ ቁጥር ካስከተለ የእንግሊዝ ጦር መለያ ነው። 4-1000ኤ በሚለው ውስጥ 4 ባለ አራት ኤሌክትሮድ መሆኑን ይነግራል፤ 1000 ደግሞ አኖዱ ሳይጎዳ በሙቀት መልክ ሊያስወግደው የሚችለው ዋት ነው። ገዢ ስትጠየቁ ይህን የማስተላለፊያው ጉልበት ነው ብላችሁ እንዳትሸጡ። 3-500ዜድ ባለ ሦስት ኤሌክትሮድና ባለ500 ዋት ነው። 4ሲኤክስ250ቢ ላይ «ሲ» ሴራሚክ መሆኑን፣ «ኤክስ» ደግሞ አኖዱ ከውጭ ሆኖ በአየር ንፋስ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ያመለክታል።

የሩሲያው ጽሑፍ ያምታታል። «ጌ» የተባለችው ፊደል የተገለበጠ ኤል፣ «ኡ» ደግሞ ዋይ ትመስላለች። መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ቤ» 6 ቁጥር ትመስላለችና ጉ-74ቤን 746 ብሎ የሚያነብ አይጠፋም። ያቺ «ቤ» ቫልቩ በአየር ንፋስ እንደሚቀዘቅዝ የምትናገር ናት። ባለፈቃድ የአማተር ራዲዮ ሰዎች ዛሬም በእንዲህ ያሉ ቫልቮች የኃይል ማጉያ ይሠራሉ። ለእነሱ አንዲት ፊደል ትልቅ ልዩነት አላት፤ ስለዚህ በጽሑፉ በኩል ጥርት ያለ ፎቶ ላኩላቸው እንጂ በግምት አትንገሯቸው።

ብርጭቆው ከውስጥ የብር መስታወት የመሰለ ቅብ ካለውና ቅቡ ወደ ወተት ነጭ ከተለወጠ፣ አየር ገብቶበታል፤ ሞቷል ማለት ነው። ቅቡ ብር መሰሉን እንደያዘ ከሆነ ግን ይሠራል ብላችሁ አትማሉ። ቫልቩን የሚያውቅ ሰው በመሣሪያ ይፈትነው።

አሁን ወደ ጤናው ልመለስ። አንዳንድ ቫልቮች ላይ ያለው ነጭ ሴራሚክ ቤሪሊየም ኦክሳይድ ነው። ሳይሰበር ሲያዝ ችግር የለውም። ተሰብሮ፣ ተሞርዶ ወይም ተፈጭቶ ብናኙ ከተተነፈሰ ግን የማይድን የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ደህነኛውን ከአደገኛው በዓይን መለየት አይቻልምና ሁሉንም አትስበሩ። የድሮ ትራንስፎርመርና ካፓሲተር ዘይትም ፒሲቢ የተባለ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ አታፍስሱት፣ አታቃጥሉት። ትልቅ ካፓሲተር ደግሞ ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሣጥኑን ሳይከፍቱ ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል፤ ልጆችም አጠገቡ አይድረሱ።

ድንበር ለምታሻግሩ አንድ ቃል ልጨምር። ማስተላለፊያ መሣሪያ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከጦር ሠራዊት የወጣ የሚመስል ዕቃ ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል። ከየት እንደገዛችሁት የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፤ ሞያሌ ከመድረሳችሁ በፊትም ጠይቁ።

የተረፈችኝ ቫልቭ ዛሬም ሱቄ መደርደሪያ ላይ ናት። አልሸጥኳትም። ቆራሌው ጆንያውን ሲያራግፍ ቀና ብዬ አያትና መዶሻውን ትቼ መነጽሬን አነሳለሁ።