የስፓርቴል መብራትና የቁልፉ ነገር



ዛሬ ወደ ሰሜን ሞሮኮ እንወስዳችኋለን። ከታንጀር ከተማ በስተ ምዕራብ፣ የአትላንቲክ ውቅያኖስ በጀበል ጧሪቅ (ጂብራልታር) በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚገባበት በር ላይ፣ ስፓርቴል የሚባል ገደላማ የምድር ጫፍ አለ። ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፤ ሌሊቱም ለመርከበኛ አስፈሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 አንድ የብራዚል የባሕር ኃይል መርከብ በአካባቢው ተሰብሮ ከመቶ በላይ ሰዎች አልቀዋል።

የጊዜው ሱልጧን ሲዲ ሙሐመድ ቢን ዐብዱረሕማን ነበሩ። አገራቸው በዚያው ዓመት በስፔን ተሸንፋ ከባድ የጦር ካሣ ተጭኖባታል። እንዲያም ሆኖ ሱልጧኑ በራሳቸው መንግሥት ወጪ የመብራት ማማ አሠሩ፤ በ1864ም በራ። ማማው አራት ማዕዘን ሲሆን ላየው ሰው የመስጊድ ሚናራ ይመስላል። ዐረብኛው «መናራ» የሚለው ቃልም ከ«ኑር» (ብርሃን) የመጣ ነው፤ ለሁለቱም ያገለግላል።

ልብ በሉ! ሞሮኮ ያን ጊዜ የጦርም ሆነ የንግድ መርከቦች አልነበሯትም። መብራቱ የበራው ለሌሎች ሕዝቦች መርከብ ነበር። ከመንገድ ላይ እንቅፋትን ማንሳት ሶደቃ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል፤ ባሕርም መንገድ ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። በ1865 ሱልጧኑ አሜሪካን፣ እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ስፔንን ጨምሮ ከበርካታ መንግሥታት ጋር ውል ተፈራረሙ። መንግሥታቱ የመብራቱን ዓመታዊ ወጪ እኩል ሊከፍሉ፣ በጦርነት ጊዜም ገለልተኝነቱን ሊያከብሩ ቃል ገቡ። በማማው ላይ የሚሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ የሱልጧኑ ብቻ ይሆናል ተባለ። አስተዳደሩ ግን ለመንግሥታቱ ተወካዮች ተሰጠ። ሞሮኮ ዘብ አቆመች፤ ማማውን የሚያዙት ሌሎች ሆኑ። አገሪቱ በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ መብራቱ ወደ እጇ የተመለሰው በ1958 ነው። ከውሉ ሲቆጠር 93 ዓመት!

እኛ ሱልጧኑን ለመውቀስ አልተነሳንም። ውሉ የብዙ መርከበኞችን ሕይወት የሚጠብቅ መብራት እንዳይጠፋ አድርጓል፤ ኸይር ሥራቸውም ኸይር ነው። ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ፦ መስጊድ ስናሠራ፣ መድረሳ ስንከፍት፣ ጉድጓድ ስናስቆፍር፣ ነገ ማን ይጠግነዋል? ሒሳቡን ማን ይይዛል? ገንዘብ ያዋጣን ቀን ደስ ይለናል፤ ሥራውን የሚረከብ ልጅ ማስተማሩን ግን እንረሳለን። ማማውን መሥራት አንድ አማና ነው፤ ቁልፉን የሚይዝ ሰው ማዘጋጀት ደግሞ ሌላ አማና ነው።

አላህ ሁለቱንም ከሚወጡት ያድርገን።